አዲሱ ዋና መስመር፦ ሺንካንሰን እንዴት ተሠራ

የቶካይዶ ሺንካንሰን በዓለም የመጀመሪያው የፈጣን ባቡር መስመር ነው። ቶኪዮን ከኦሳካ የሚያገናኘው ይህ የ515 ኪሎሜትር መንገድ ሥራው በሚያዝያ 1959 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉትም ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አምስት ዓመት ተኩል ሳይሞላው አልቋል። «ሺንካንሰን» በጃፓንኛ «አዲስ ዋና መስመር» ማለት ነው። ስሙ ስለ ባቡሩም ሆነ ስለ ፍጥነቱ የሚለው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ መንገዱ ብቻ ነው። አሰያየሙ ትክክል ነው። ዓለም የሚያስታውሰው አፍንጫው ክብ የሆነውን ነጭና ሰማያዊ ባቡር ይሁን እንጂ በ1964 አዲስ የነበረው ከባቡሩ ሥር ያለው ነበር። ሌላው አብዛኛው ነገር የቆየ፣ ተጀምሮ የተተወ ወይም ከሌላ ሙያ የመጣ ነው።

የነገሩ ሥር የሐዲድ ስፋት ነው። በጃፓን የመጀመሪያው ባቡር በ1872 በቶኪዮና በዮኮሃማ መካከል ሥራ ሲጀምር ሐዲዱ የተዘረጋው በእንግሊዛውያን መሐንዲሶች መሪነት ሲሆን፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 1,067 ሚሊሜትር ነበር። በአብዛኛው አውሮፓ የተለመደው 1,435 ነው። የቀድሞውን የጅቡቲ ባቡር የሚያውቅ አንባቢ የጃፓኑን ስፋት ለመገመት አይቸገርም፤ የአንድ ሜትሩን የጅቡቲ ሐዲድ የሚበልጠው አራት ጣት በማይሞላ ልክ ነው። ጠባብ ሐዲድ ተራራ ለበዛበት አገር ይረክሳል። ገደሉን ታክኮ ስለሚዞር ብዙ ዋሻ አያስቆፍርም። ችግሩ የሚመጣው ኋላ፣ ጭነቱ ሲበዛና መንገደኛው ሲቸኩል ነው።

ከቶኪዮ ተነሥቶ በናጎያ፣ በኪዮቶና በኦሳካ አልፎ ኮቤ የሚደርሰው የቶካይዶ ዋና መስመር በ1889 ተጠናቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ሐዲዱ ይስፋ የሚሉ ወገኖች ተነሡ። ከእነሱ መካከል ድምፃቸው ጎልቶ የተሰማው የምድር ባቡሩን መሥሪያ ቤት የመሩት ሺምፔ ጎቶ ነበሩ፤ የሙያውን ክርክር የያዙት ደግሞ መሐንዲሱ ያሱጂሮ ሺማ። ሺማ በ1917 በዮኮሃማ መስመር ላይ ማስፋቱ እንደሚቻል በሙከራ አሳዩ። ፖለቲከኞቹ ግን ስሌታቸው ሌላ ነበር። ያለውን ሐዲድ ማስፋት የምርጫ ድምፅ አያመጣም፤ ባቡር ባልደረሰበት ወረዳ አዲስ ሐዲድ መዘርጋት ግን ያመጣል። በ1919 የታካሺ ሃራ መንግሥት የማስፋቱን ሐሳብ ዘጋው፤ ሺማም ሥራቸውን ለቀቁ። ጉዳዩ ሃያ ዓመት ያህል ተኛ።

የቀሰቀሰው ጦርነት ነው። ጃፓን ቻይናን በወረረችበት ጊዜ ወደ ኮሪያና ወደ ማንቹሪያ የሚሻገረው ሰውና ጭነት ሁሉ በዚሁ በጠባቡ መስመር ማለፍ ስለነበረበት ሐዲዱ ተጨናነቀ። ለጥናቱ የተቋቋመውን ኮሚቴ የመሩት እኒያው ያሱጂሮ ሺማ ነበሩ። ከቶኪዮ እስከ ምዕራቡ ወደብ እስከ ሺሞኖሴኪ ድረስ በ1,435 ሚሊሜትር ሐዲድ ፈጽሞ አዲስ መስመር እንዲሠራ የቀረበውን ዕቅድ ፓርላማው በ1940 አጸደቀው። ሕዝቡ «ዳንጋን ሬሻ»፣ የጥይት ባቡር፣ ብሎ ጠራው፤ ዛሬ የውጭ ሰው ሺንካንሰንን የሚጠራበት ስም ከዚያ የተወረሰ ነው። ቶኪዮና ኦሳካ በአራት ሰዓት ተኩል እንዲገናኙ ታስቦ መሬት ተገዛ፣ ተራራ መቦርቦር ተጀመረ። ጦርነቱ ሲከፋ በ1943 ሥራው ቆመ።

የቆመው ሥራ ግን ጥሎት የሄደው ነገር ቀላል አልነበረም። ኋላ ለሺንካንሰኑ ካስፈለገው መሬት አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በዚያን ጊዜ የተገዛ ነው። የኒሆንዛካ ዋሻ ተፈልፍሎ አልቆ ለጠባቡ ሐዲድ ሲያገለግል ቆየ። ከአታሚ ከተማ በስተምዕራብ ባለው ተራራ የአዲሱ ታና ዋሻ ከሁለቱም አፍ ተጀምሮ ተትቷል። በዋሻው ምዕራብ በኩል በካናሚ ደግሞ ሠራተኞቹ የሰፈሩበት ቦታ «ሺንካንሰን» የሚል ስም ወጣለት፤ ቆፋሪዎቹ ሲበተኑ ስሙ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ስሙ የመንደር ስም ሆኖ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ብሔራዊ ምድር ባቡር ከአደጋ ወደ አደጋ የሚሸጋገር መሥሪያ ቤት ሆነ። በ1951 በዮኮሃማ ሳኩራጊቾ ጣቢያ ባቡር ተቃጥሎ 106 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ከለቀቁት መካከል የያሱጂሮ ልጅ ሂዴዮ ሺማ ይገኙበታል፤ «ዲ51» የተባለውን ዝነኛ የእንፋሎት ባቡር ከነደፉት ሰዎች ዋናው እሳቸው ናቸው። በ1954 ቶያ ማሩ የተባለችው የምድር ባቡሩ ማሻገሪያ መርከብ በአውሎ ነፋስ ሰጥማ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። በማግሥቱ ዓመት ሺዩን ማሩ የተባለችው ሌላዋ መርከብ ተጋጭታ 168 ሰዎች ሞቱ። የምድር ባቡሩ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀቁ፤ ወንበሩ የእሳት ወንበር ስለሆነ የሚቀመጥበት ጠፋ። በመጨረሻ እሺ ያሉት የ71 ዓመቱ አዛውንት ሺንጂ ሶጎ ነበሩ። ሶጎ በወጣትነታቸው በጎቶ ሥር ያደጉ፣ የሰፊውን ሐዲድ ሽንፈት በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ሂዴዮ ሺማ ወደ ምድር ባቡሩ እንዲመለሱ የጠየቋቸውም የአባታቸውን ሥራ እንዲጨርሱ በማለት ነው። ሺማ በ1955 መጨረሻ የቴክኒክ ኃላፊ ሆነው ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ የቶካይዶ መስመር ከአገሪቱ የምድር ባቡር ርዝመት 3 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከመንገደኛው 24 በመቶ፣ ከጭነቱም 23 በመቶ ይሸከም ነበር። አንድ ነገር መደረግ እንዳለበት ሁሉም ይስማማል፤ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም። አብዛኞቹ የቤቱ መሐንዲሶች ከአሮጌው ሐዲድ ጎን ሌላ ጥንድ ጠባብ ሐዲድ ይጨመር ባይ ነበሩ። ርካሽ ነው፤ ቁራጭ ቁራጩ እንዳለቀ ሥራ ላይ ይውላል። ሶጎና ሺማ ይህን አልተቀበሉም። ጠባብ ላይ ጠባብ ቢጨመር ኩርባው ያው ኩርባ፣ ከመኪና መንገድ ጋር የሚቋረጥበትም ቦታ ያው ነው። ከውጭ ያለው ትችት ደግሞ የባሰ ነበር። የአውሮፕላንና የመኪና ዘመን በመጣበት ሰዓት አዲስ ባቡር መሥራት ለብዙዎች እብደት መሰለ፤ አንድ የታወቀ ደራሲ ዕቅዱን ከፒራሚድ፣ ከቻይና ታላቁ ግንብና ከያማቶ የጦር መርከብ ጋር ከዓለም ታላላቅ ሞኝነቶች ተርታ አሰልፎታል።

የሕዝቡን ስሜት የለወጠው አንድ የንግግር መድረክ ነው። ግንቦት 30 ቀን 1957 የምድር ባቡሩ የምርምር ተቋም 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር በቶኪዮ ጊንዛ በሚገኘው የያማሃ አዳራሽ አራት ተመራማሪዎች ተራ በተራ ተነሥተው ቶኪዮን ከኦሳካ በሦስት ሰዓት ማገናኘት እንደሚቻል አስረዱ። ያኔ ጉዞው ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። ስለ ሐዲዱ የተናገሩት ዮይቺ ሆሺኖ የባቡር ሰው ናቸው። ሦስቱ ግን ከጦር ኃይሉ የመጡ ነበሩ። ታዳናኦ ሚኪ በባሕር ኃይል ውስጥ ጊንጋ የተባለውን የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነድፈዋል፤ አሁን የሚናገሩት ባቡርን እንደ አውሮፕላን ቀላልና ሾጣጣ ስለማድረግ ነው። ታዳሺ ማትሱዳይራ የዜሮ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ለምን እንደሚርገበገብና እንደሚሰበር ያጠኑ ነበሩ። ሀጂሜ ካዋናቤ ደግሞ የምልክት መሣሪያዎች ባለሙያ ናቸው። ጃፓን ከሽንፈቱ በኋላ አውሮፕላን እንዳትሠራ ስለተከለከለች እነዚህ ሰዎች እንጀራቸውን በባቡር ቤት ማግኘት ነበረባቸው። ነባሮቹ የባቡር መሐንዲሶች መጀመሪያ ላይ እንደ እንግዳ ነበር የሚያዩዋቸው።

ማትሱዳይራ የፈቱት ችግር ቆም ብሎ መታየት ይገባዋል፤ የፈጣን ባቡር ሁሉ ቁልፍ እሱ ነውና። የባቡር ጎማ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ከውስጥ ወፈር፣ ከውጭ ቀጠን ያለ ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አክሰል የተያያዙ ስለሆኑ ጥንዱ ወደ ቀኝ ቢያጋድል የቀኙ ጎማ በወፍራም ወገኑ፣ የግራው በቀጭኑ ይንከባለላል። የወፈረው ብዙ ስለሚሄድ ጥንዱ ወደ መካከል ይመለሳል፤ ሆኖም መካከሉ ላይ አይቆምም፣ አልፎ ወደ ግራ ያጋድላል። ባቡሩ በዚህ ዓይነት እንደ እባብ ይተጣጠፋል፤ ጃፓኖቹም የሚጠሩት «የእባብ እንቅስቃሴ» ብለው ነው። በዝግታ ሲሄድ ምንም አይደለም። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ግን እያንዳንዱ መወዛወዝ ከፊተኛው እየሰፋ ሄዶ ሐዲዱን ያጣምማል ወይም ባቡሩን ያወጣል። ነባሮቹ መሐንዲሶች ጥፋቱን የሚጭኑት በሐዲዱ መጣመም ላይ ነበር። ማትሱዳይራ ነገሩ ከአውሮፕላን ክንፍ መርገብገብ ጋር አንድ ጠባይ እንዳለው፣ መድኃኒቱም ጎማውን በሚይዘው ማዕቀፍ ጥንካሬና በስፕሪንጉ ልክ ውስጥ እንዳለ አሳዩ። በመንከባለያ ላይ በቆመ የሙከራ ማዕቀፍ እየደጋገሙ ሞከሩት። በሰውና በጎማ መካከል አየር የተሞላ ስፕሪንግ የገባውም በዚሁ ምርምር ነው።

የአሠራሩ ሌላው ትልቅ ውሳኔ የሂዴዮ ሺማ ነው። በ1955 ፈረንሳዮች በኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ በሰዓት 331 ኪሎሜትር ሄደው ዓለምን አስደንቀው ነበር፤ ከሩጫው በኋላ ግን ሐዲዱ ተጣሞ ተገኘ። ከባድ ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎችን ሲጎትት ክብደቱ ሁሉ በጥቂት ጎማዎች ላይ ያርፋል። የጃፓን አፈር ደግሞ ብዙ ቦታ የሩዝ እርሻ ጭቃ ነው። ሺማ በ1930ዎቹ በአውሮፓ ሲዘዋወሩ በኔዘርላንድ እያንዳንዱ ፉርጎ በራሱ ሞተር ሲሄድ አይተው ነበር። ስለዚህ ሎኮሞቲቭ የሚባለው ነገር ቀረ። 12 ፉርጎ ያለው የመጀመሪያው የሺንካንሰን ባቡር 48 አክሰል ነበረው፤ እያንዳንዱ አክሰል 185 ኪሎዋት የሚሰጥ የራሱ ሞተር ተገጥሞለት ነበር። ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ጉልበቱም ይከፋፈላል፤ ፍሬን ሲያዝ እነዚያው ሞተሮች ዞረው ይይዛሉ። አንዱ ሞተር ቢበላሽ ባቡሩ መንገድ ላይ አይቀርም።

ካቢኔው በታኅሣሥ 1958 ዕቅዱን አጸደቀ። ገንዘቡ እንዴት እንደተገኘ የሚናገረው ክፍል ግን ከሁሉ የሚገርም ነው። ባለሙያዎቹ ያወጡት ግምት ከ300 ቢሊዮን የን ያልፍ ነበር። ሶጎ ይህን ቁጥር ለፓርላማ ማቅረብ ዕቅዱን በገዛ እጅ መግደል መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ እንዲቀነስ አዘዙ። ለፓርላማ የቀረበው 197.2 ቢሊዮን ሆነ። መንግሥት ሲለዋወጥ ሥራው እንዳይቆም የሚያደርግ ልጓም ደግሞ ከዓለም ባንክ መጣ። ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ኢሳኩ ሳቶ ለባንኩ ማመልከት እንደሚሻል መከሩ፤ ለውጭ አበዳሪ መንግሥት ዋስ ከሆነ የሚቀጥለው ካቢኔ ማቋረጥ አይችልም። ባንኩ ያልተሞከረ ፈጠራን በገንዘብ አይደግፍም ነበርና ሺማ የሚሠራው ሁሉ ተፈትኖ የታወቀ ነገር መሆኑን አስረዱ፤ ከቆየው ታሪክ አንጻር ሲታይ ይህ ሰበብ ብቻ አልነበረም። በግንቦት 1961 የ80 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈረመ። በዘመኑ ምንዛሪ 28.8 ቢሊዮን የን ይሆናል፤ ከጠቅላላው ወጪ ሲታይ ጥቂት ነው። የተፈለገው ከገንዘቡ ይልቅ ፊርማው ነበር።

የመሠረቱ ሥነ ሥርዓት የተፈጸመው ሚያዝያ 20 ቀን 1959 በአታሚ፣ በአዲሱ ታና ዋሻ ምሥራቅ አፍ ነው። ቦታው ለታይታ የተመረጠ አልነበረም፤ ከመስመሩ ሁሉ ረጅሙ ሥራ ይህ ነው ተብሎ ይፈራ ስለነበር ነው። አሮጌው የታና ዋሻ በሰባት ዓመት ያልቃል ተብሎ በ1918 ተጀምሮ 16 ዓመት ፈጅቷል፤ 67 ሰዎች ሞተውበታል። ከተራራው ሆድ የወጣው ውኃ ቆፋሪዎቹን ከማስቸገሩም በላይ ከላይ ያለውን የታናን ሸለቆ አደረቀው፤ ምንጩ ጠፋ፣ የሩዝ እርሻውም ውኃ አጣ። በ1930 በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ገና በመቆፈር ላይ ያለው ዋሻ ተሰንጥቆ ሁለቱ ወገን ከሁለት ሜትር በላይ ተንሸራተተ። አዲሱ ዋሻ 7,959 ሜትር ሲሆን የተቆፈረው ከአሮጌው 50 ሜትር ያህል ርቆ ነው። የድንጋዩ ጠባይ አስቀድሞ ታውቋል፣ ውኃውም ወጥቷል፤ ከጦርነቱ ዘመን የቀረ ቁፋሮም አለ። አባቶች በ16 ዓመት ያለፉትን ተራራ ልጆች በአምስት ዓመት አለፉት።

የመንገዱ ሕግ ጥብቅ ነበር። ከመኪና መንገድ ጋር በአንድ ደረጃ የሚገናኝበት ቦታ አይኖርም፤ ወይ ከላይ ወይ ከታች ያልፋል። የኩርባው ራዲየስ በክፍት አገር ከ2,500 ሜትር አያንስም። ሐዲዱ በአጭር በአጭሩ ተቆራርጦ የሚገጠም ሳይሆን 1,500 ሜትር እየሆነ የተበየደ ነው፤ ስለዚህ በአሮጌ ባቡር ላይ የሚሰማው «ጠቅ ጠቅ» የለም። ከሥሩ የሚጋደመው እንጨት ቀርቶ በውስጡ የተወጠረ ሽቦ ያለበት ኮንክሪት ተጋደመ። የዕቃ ባቡር እንዲሄድበትም ታቅዶ ነበር፤ ሌሊቱ ግን ለጥገና ስለሚያስፈልግ ዕቅዱ በወረቀት ቀረ። ለመንገደኛ ብቻ የተለየ መንገድ በመሆኑ ዝግተኛ ባቡር ከፊት ሆኖ ፈጣኑን አያግትም። ቀደም ያሉት ፈጣን ባቡሮች ሁሉ ያጡት ይህንኑ ነው።

በናጎያና በኪዮቶ መካከል መስመሩ በየት ይለፍ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። አጭሩ በሱዙካ ተራሮች ውስጥ ነው፤ ረጃጅም ዋሻ ስለሚጠይቅ ጊዜውም ገንዘቡም አልበቃም። ስለዚህ በረዶ በሚበዛበት በሴኪጋሃራ በኩል ተወሰነ፤ የዚህ ዋጋ ኋላ ተከፍሏል። በዚሁ አቅጣጫ በሩዝ እርሻ መካከል ጊፉ ሃሺማ የተባለ ጣቢያ ተሠራ። ባለሥልጣኖቹ በረዶ ሲጥል ባቡር የሚጠለልበት ነው ቢሉም ሕዝቡ ጣቢያውን ያመጡት የጊፉ ተወላጁ ፖለቲከኛ ባንቦኩ ኦኖ ናቸው አለ። ኦኖ መስመሩ ሳይከፈት በግንቦት 1964 ሞቱ፤ ሐውልታቸው ከባለቤታቸው ጋር ከጣቢያው ፊት ለፊት ቆሟል።

በኪዮቶና በኦሳካ መካከል የሆነው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እዚያ ሺንካንሰኑ ሃንኪዩ ከተባለው የግል ባቡር ኩባንያ ሐዲድ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ የሃንኪዩም ሐዲድ ከፍ እንዲል ተደረገ። ሥራው እስኪያልቅ የሃንኪዩ ባቡሮች የት ይሂዱ? መልሱ አጠገባቸው ነበር፦ የሃንኪዩ ሐዲድ ስፋቱ ያው 1,435 ነው። በ1963 ለወራት ያህል ወደ ሥራ የሚመላለሱ ሰዎችን የጫኑ ተራ የከተማ ባቡሮች ጥቂት ኪሎሜትር በአዲሱ የሺንካንሰን ሐዲድ ላይ ሄዱ። በዓለም የመጀመሪያው የፈጣን ባቡር ሐዲድ ላይ መጀመሪያ የተሳፈሩት እነዚያ የማለዳ ተመላላሾች ናቸው።

የኤሌክትሪኩ ነገርም ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ማመንጫዋን ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ ስለገዙ እስከ ዛሬ የጃፓን ምሥራቅ በ50፣ ምዕራቧ በ60 ኸርዝ ይሠራል። ድንበሩ የፉጂ ወንዝ አካባቢ ነው። ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር ኤሌክትሪኩ ሊለወጥበት ነው ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ሁለቱንም የሚችል ባቡር ከመሥራት ይልቅ በምሥራቅ በኩል መለወጫ ጣቢያ አቁመው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በ25,000 ቮልትና በ60 ኸርዝ አዋሉት።

ሁሉም ነገር የተፈተነው በካናጋዋ ግዛት ኦዳዋራ አጠገብ በሚገኘው በካሞኖሚያ የሙከራ መስመር ነው። ከዋናው መስመር 30 ኪሎሜትር የሚያህለው ቀድሞ ተሠርቶ በሰኔ 1962 ሁለት ባቡሮች፣ አንዱ ባለ ሁለት ሌላው ባለ አራት ፉርጎ፣ መመላለስ ጀመሩ። ጥቅምት 31 ቀን በሰዓት 200 ኪሎሜትር ተደረሰ፤ መጋቢት 30 ቀን 1963 ደግሞ 256። ወረቀት ላይ ያልታየው ችግር የወጣው እዚህ ነው። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ የአየሩ ግፊት በድንገት ስለሚለዋወጥ የተሳፋሪዎቹ ጆሮ ታመመ። ሁለት ባቡሮች ዋሻ ውስጥ ሲተላለፉ ይብሳል። መፍትሔው እንደ አውሮፕላን አየር የማያስገባ ፉርጎ መሥራት ሆነ፤ በሮቹ ከተዘጉ በኋላ በግፊት ይታተማሉ። የታተመው ግን ወንበሮቹ ያሉበት ክፍል ብቻ ስለነበረ መጸዳጃው ከውጭ ቀረ። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ መጸዳጃ ቤት የነበረ ሰው ውኃው ከታች ወደ ላይ ሲረጨው ያገኘው ነበር፤ ይህ የተስተካከለው መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሾፌሩ የሚያየው ምልክትም ከመንገድ ዳር ጠፋ። በሰዓት 210 ኪሎሜትር የሚሄድ ባቡር ለመቆም ከ2 ኪሎሜትር በላይ ይፈልጋል፤ መብራት በዓይን አይቶ ፍሬን መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ምልክቱ በሐዲዱ ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ወደ ሾፌሩ ክፍል ገባ። ከፊቱ ያለው የተፈቀደ ፍጥነት 210፣ 160፣ 110፣ 70 ወይም 30 እያለ ይበራለት ነበር፤ ከተፈቀደው ካለፈ ፍሬኑ ራሱ ይይዝ ነበር። የመስመሩ ባቡሮች ሁሉ ያሉበት ቦታ ደግሞ ቶኪዮ በሚገኝ አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ይታይ ነበር።

ሙከራው በሠመረበት ዓመት የገንዘቡ ምሥጢር ወጣ። ጠቅላላ ወጪው 380 ቢሊዮን የን፣ ከተነገረው እጥፍ ሊጠጋ፣ እንደሚደርስ ታወቀ። ፓርላማው ተቆጣ፤ በግንቦት 1963 የሶጎ ዘመን ሳይታደስ ቀረ። ሺማም አብረው ለቀቁ። ያቀዱት ውሸት ሠርቷል፤ መንገዱ ከግማሽ በላይ ስለሄደ መመለስ አይቻልም ነበር።

ጥቅምት 1 ቀን 1964 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 1957) ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ «ሂካሪ 1» ከቶኪዮ፣ «ሂካሪ 2» ደግሞ ከኦሳካው የሺን ኦሳካ ጣቢያ ተነሡ። ሂካሪ ብርሃን ማለት ነው፤ በየጣቢያው የሚቆመው «ኮዳማ»፣ የገደል ማሚቶ፣ ተባለ። በቶኪዮ ሪባኑን የቆረጡት ተተኪው ፕሬዚዳንት ሬይሱኬ ኢሺዳ ናቸው። ሶጎ በዚያ የመነሻ ሥነ ሥርዓት አልተገኙም፤ ሺማም ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተመለከቱ። ባቡሩ በአራት ሰዓት ሺን ኦሳካ ገባ። በመጀመሪያው ወቅት 30 ባቡሮች፣ በድምሩ 360 ፉርጎ፣ በቀን 60 ጉዞ ያደርጉ ነበር።

የችኮላው ምክንያት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተከፈተ። አበበ ቢቂላ በማራቶን ሁለተኛውን ወርቅ ያገኘው ጥቅምት 21፣ ሺንካንሰኑ ሥራ ከጀመረ ከ20 ቀን በኋላ ነበር።

መሬቱ ግን ገና አልረጋም ነበር። አዲስ የተቆለለው አፈር በየቦታው ይሰምጥ ስለነበር ባቡሮቹ ለዓመት ያህል ብዙ ቦታ ዝግ ብለው እንዲያልፉ ተደረገ። አፈሩ ሲጠና፣ ከኅዳር 1965 ጀምሮ፣ ቶኪዮ–ሺን ኦሳካ በ3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆነ፤ የያማሃ አዳራሹ ቃል በዚህ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። የሴኪጋሃራም ዋጋ በዚያው ሰሞን መጣ። ባቡሩ የሚያስነሣው በረዶ ከሆዱ ሥር ተጣብቆ ይጋገራል፤ ሙቀት ወዳለበት አገር ሲደርስ የበረዶው ድንጋይ በሙሉ ፍጥነት ጠጠሩ ላይ ይወድቃል፤ የተፈናጠረው ጠጠር መስኮት ይሰብራል። በየዳሩ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ ተዘረጋ፤ በረዶው እንዳይቦን ይረጠባል፣ ባቡሩም በክረምት ፍጥነቱን ይቀንሳል።

በሐምሌ 1967 የተሳፋሪዎች ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። መስመሩ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1972 ኦካያማ፣ በ1975 ሃካታ ገባ፤ የጦርነቱ ዘመን ዕቅድ መድረሻ የነበረው ሺሞኖሴኪም በዚህ ታለፈ። ክብ አፍንጫው ባቡር ከቶካይዶ መስመር በ1999፣ ከቀረው የምዕራብ መስመር በኅዳር 2008 ተሰናበተ። ሂዴዮ ሺማ ከምድር ባቡሩ ከለቀቁ በኋላ በ1969 የጃፓን የጠፈር ልማት ድርጅት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው ተሹመዋል። የዓለም ባንኩ ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1981 ነው። ሺንጂ ሶጎ በዚያው ዓመት በጥቅምት በ97 ዓመታቸው ሞቱ፤ ምስላቸው በቶኪዮ ጣቢያ ሺንካንሰን በሚነሣበት በ18ኛውና በ19ኛው መቆሚያ ጫፍ ላይ ተቀርጾ ይታያል።